ሕመም የሌለው ቁስል
የስኳር ሕመምተኞች ቁስል ለምን አይድንም? ቤተሰብስ ምን ማድረግ ይችላል?

የቀላል ባቡሩ መስመር ከአያት ተነስቶ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ የሚያበቃው ጦር ኃይሎች ላይ ነው። ከባቡሩ የወረደ ሰው ወደ ቤቴል፣ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ዓለም ባንክ የሚወስደው ታክሲ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ታክሲ ከጠፋም በእግሩ ያዘግማል። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ከሚቆሙት አባቶችና እናቶች መካከል የስኳር ሕመም ያለባቸው አሉ። ከእነርሱም ውስጥ ጫማቸው ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲረግጡት ውለው፣ ማታ ካልሲያቸው ላይ ደም ሲያዩ የሚደነግጡ አይጠፉም። «እንዴት ሳይሰማኝ ቀረ?» ይላሉ። ቁስሉ ሳምንት አልፎት ወር ሲሞላው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ «ለምን አልድን አለኝ?»

ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። መልሱን ማወቅ ለሐኪም ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የብዙ አረጋውያን እግር የሚተርፈው ወይም የሚቆረጠው ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት ቤት ውስጥ በሚያልፉት ቀናት ነውና።

የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከስኳር ጋር ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ቁጥሩ ወደ 1.9 ሚሊዮን ይጠጋል ተብሎ ተገምቷል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ፣ በአንዳንድ ግምቶች ደግሞ ከሦስቱ አንዱ፣ በሕይወት ዘመኑ የእግር ቁስል ይገጥመዋል። ቁስሉ ድኖላቸው ከነበሩት ውስጥም 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ስለዚህ አባት ወይም እናት፣ አያት ወይም አጎት ስኳር ያለበት ቤት ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ከእሾህ የተጀመረ እውቀት

ሰፈሩ ስሙን የሚጋራው ሆስፒታል የሠራዊቱ ሆስፒታል ነው። እያንዳንዳችን ግን በደማችን ውስጥ የራሳችንን ጦር ይዘን እንዞራለን። የዚህን ጦር አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ ያየው ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን መሲና ከተማ ሆኖ፣ አካላቸው እንደ መስታወት ወደ ውስጥ የሚያሳይ የባሕር ኮከብ እጮችን በእሾህ ወጋ። በማግስቱ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከብበውት አገኘ። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ወደ ቦታው የሚልካቸው ሴሎች እንዳሉት በዚህ ተረዳ። ለሥራውም እ.ኤ.አ. በ1908 ከጳውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

እሾህ ወግቶት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የተወጋው ቦታ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ይህ ሁሉ ጦሩ ለመድረሱ ምልክት ነው። ብዙዎቻችን መቅላቱንና ማበጡን እንደ በሽታ እናየዋለን፤ በልኩ ከሆነ ግን የመዳን መጀመሪያ ነው። ችግር የሚሆነው ከልኩ ሲያልፍና አላቆም ሲል ነው።

ጤነኛ ቁስል እንዴት ይድናል?

ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን የቆረጠች እናትን እናስብ። ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የፈሰሰውን መገደብ።

በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። እነዚህ ፈጥኖ ደራሽ ናቸው። ጀርም ይውጣሉ፣ መርዝ ይረጫሉ፣ ሲቸግራቸውም የገዛ ዘረመላቸውን እንደ መረብ ዘርግተው ጀርሙን ያጠምዱበታል። ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። የምናየው መግል በአብዛኛው የእነርሱ ሬሳ ነው።

ከዚያ ማክሮፋጅ የሚባሉት ይመጣሉ። ስማቸው ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። መጀመሪያ የሞተውን ጀርም፣ የሞተውን ሥጋና የሞቱትን ኒውትሮፊሎች ይበላሉ፤ ያጸዳሉ። በዚህ ጊዜ እነርሱም ተዋጊዎች ናቸው፤ ተጨማሪ ጦር የሚጠራ ኬሚካል ይለቃሉ። ቦታው ሲጸዳ ግን አንድ አስገራሚ ነገር ይሆናል። ማክሮፋጆቹ ጠባያቸውን ይለውጣሉ። የጦርነቱን ኬሚካል ትተው የግንባታውን መልቀቅ ይጀምራሉ። አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ አዲስ ሥጋ እንዲሞላ፣ የቁስሉ ዳርና ዳር ቆዳ እየተሳበ እንዲገጥም መልእክት ያስተላልፋሉ። ትናንት መሣሪያ የያዘው ዛሬ ማንኪያና ቱንቢ ያነሳል እንደ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ በጤነኛ ሰው ላይ ከቆሰለ በቀናት ውስጥ ይከናወናል። የእናትየው ጣት በሳምንት ውስጥ የሚገጥመው ለዚህ ነው። እንግዲህ ቁስል የሚድነው ጦሩ በፍጥነት ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው ስላቆመና ለግንበኛው ቦታ ስለለቀቀም ነው።

ስኳር ሲበዛ ምን ይበላሻል?

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ሁለቱም ሥራዎች ይዛባሉ። መድረሱም፣ ማቆሙም።

በመጀመሪያ ፈጥኖ ደራሾቹ ይዘገያሉ። ስኳር በበዛበት ደም ውስጥ የሚኖሩ ኒውትሮፊሎች ወደ ቁስሉ የመጓዝም ጀርሙን የመዋጥና የመግደልም አቅማቸው ይቀንሳል። ጀርሙ በዚህ መሐል ይራባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ነገሩን የተገላቢጦሽ ያደርገዋል። ዘግይተው የደረሱት ሴሎች አንዴ ከገቡ በኋላ አይወጡም። ኒውትሮፊሎቹ ያን የዘረመል መረባቸውን ከሚገባው በላይ ይዘረጉታል፤ መረቡ ከጀርሙ አልፎ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳል። ማክሮፋጆቹም የሞተውን በልተው የማጽዳት አቅማቸው ስለሚዳከም ቦታው አይጸዳም። ቦታው ካልጸዳ ደግሞ ከተዋጊነት ወደ ግንበኝነት የሚያሻግራቸው ምልክት አይደርሳቸውም። ለሳምንታት፣ ለወራት በጦርነቱ ጠባይ ላይ ተቸክለው ይቀራሉ። የሚለቁት ኬሚካል ሥጋን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያበዛል። ሰውነት በቀን የገነባውን በሌሊት ያፈርሰዋል።

በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከዚህም የጠለቀ ነገር አሳይተዋል። ነጭ የደም ሴሎች የሚሠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ በመቅኔ ያሉት እናት ሴሎች ጭምር ጠባያቸው ይለወጣል። የሚወልዷቸው ሴሎች ከመጀመሪያው ለቁጣ የተዘጋጁ ሆነው ይወጣሉ። አንድ ሳምንት ስኳርን አስተካክሎ «ቁስሉ ለምን ወዲያው አልዳነም?» የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ጦሩ ተግሣጹን የሚመልሰው ቀስ በቀስ ነው።

በዚህ ላይ የደም ሥር መጥበብ ይጨመራል። ወደ እግር የሚወርደው ደም ካነሰ ሴሎቹም ኦክስጅኑም መድኃኒቱም በበቂ መጠን አይደርሱም። ሲጋራ የሚያጨስ የስኳር ሕመምተኛ አደጋው እጥፍ ድርብ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«በቃ» የሚሉት ሴሎች

የሰውነት ጦር ማን ያዘዋል? ማንስ «በቃ» ይለዋል? የዚህ ጥያቄ መልስ በቅርቡ ዓለም አቀፍ ትኩረት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እና ለአሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ተሰጥቷል። ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራቸው መዋጋት ሳይሆን ሌሎቹን ማረጋጋት የሆነ ልዩ ሴሎች መኖራቸውን አሳየ። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ። ብራንኮውና ራምስዴል ደግሞ እነዚህ ሴሎች እንዲፈጠሩ የሚያደርገውን ዘረመል ለይተው አገኙ።

ተቆጣጣሪ ሴሎች ባይኖሩ ኖሮ ጦሩ የገዛ አገሩን ይወጋ ነበር። በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው፣ አንደኛው ዓይነት የሚባለው የስኳር ሕመም የሚመጣውም የሰውነት ተከላካይ ሴሎች በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥረው ሲያጠፏቸው ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በቆዳ ውስጥም ይኖራሉ፤ ቁስል ሲድን ቁጣው እንዲበርድ እንደሚያግዙ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። ይህ እውቀት ገና በጤና ጣቢያችን መድኃኒት ቤት በእንክብል መልክ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል «ጠንካራ መድኃኒት» ስላጣ ብቻ አይደለም የማይድነው፤ የሰውነቱ ሥርዓት ስለተዛባ ነው። ሥርዓቱን የሚያዛባው ዋናው ነገር ስኳሩ ስለሆነ፣ የቁስሉም የመጀመሪያ መድኃኒት ስኳሩን ማስተካከል ነው።

ዘነበወርቅ ያስተማረው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጠጠሩ ለምን አልተሰማም? ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጦር ኃይሎች በቀለበት መንገዱ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ዘነበወርቅ ይገኛል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በነበረበት በዚህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በዚያው ግቢ ሥራ ጀመረ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ተህዋስ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው።

በድሮ ጊዜ ሥጋ ደዌ ጣትንና እግርን «ይበላል» ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት ከቀየሩት አንዱ በህንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። ብራንድ ያስተዋለው ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ለውጧል። ተህዋሱ ነርቭን ይገድላል፤ ነርቭ ሲሞት ሕመም ይጠፋል፤ ሕመም ሲጠፋ ሰውየው እሳቱንም ምስማሩንም ሳያውቅ ይረግጣል። እግሩን የሚያጠፋው ተህዋሱ ራሱ ሳይሆን በየቀኑ ሳይታወቅ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ብራንድ የቆሰለውን እግር በጀሶ አስሮ ከመረገጥ ሲያሳርፈው ለዓመታት አልድን ያለው ቁስል ገጠመ። ሥጋው የመዳን አቅም ነበረው ማለት ነው፤ ያጣው ዕረፍት ብቻ ነበር።

ይኸው እውቀት በኋላ ወደ ስኳር ሕክምና ተሻገረ። በጀሶ የማሳረፉ ዘዴ ዛሬ ለስኳር ሕመምተኞች የውስጥ እግር ቁስል ከሚመከሩት ዋነኛ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ሐኪሞች የእግርን ስሜት የሚፈትሹበት፣ ሲጫኑት በ10 ግራም ኃይል የሚጎብጠው ቀጭን የናይለን ክርም ቢሆን ለስኳር ሕመም መመርመሪያ የሆነው በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ካርቪል በተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በተሠራ ሥራ ነው።

በሁለቱ ሕመሞች መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ፤ የስኳሩንም ነገር የሚያከብደው እርሱ ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚ ቁስሉን ካሳረፈው የሰውነቱ ጦርና ግንበኛ ተራቸውን ጠብቀው ይሠሩለታል። የስኳር ሕመምተኛ ግን ሁለቱንም አጥቷል። ማንቂያ ደወሉ የሆነው ሕመም የለም፤ ጠጋኙም ትዕዛዝ አይሰማም። ስለዚህ ሁለት ምትክ ያስፈልገዋል። ለጠፋው ሕመም ምትክ የሚሆነው የቤተሰቡ ዓይን ነው። ለተዛባው ጦር ደግሞ የተስተካከለ ስኳርና ፈጣን ሕክምና።

በጣት የሚደረግ ምርመራ

የናይለኑ ክር ባይኖርም የእግርን ስሜት ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ዘዴው በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ከተማ የተሠራ ሲሆን የሚፈልገው አንድ ጣት ብቻ ነው። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ሊያደርገው ይችላል።

አያት ጫማና ካልሲ አውልቀው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ልጁ በአመልካች ጣቱ ጫፍ የቀኝና የግራ እግር አውራ ጣቶችን፣ መካከለኛ ጣቶችንና ትንሽ ጣቶችን ጫፍ ተራ በተራ ይንካ። በአጠቃላይ ስድስት ጣት ይሆናል። አነካኩ እንደ ላባ ቀለል ያለና ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ይሁን። መጫን፣ መኮርኮር፣ መታ መታ ማድረግ አይፈቀድም። አንዱን ጣት ሁለት ጊዜ መሞከርም የለበትም። አያት በተነኩ ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው ስሜታቸው ቀንሷል ማለት ነው፤ ለሐኪም መነገር አለበት። ስድስቱም ቢሰሙም በዓመት አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ መታየት አይቀርም።

የማታው እግር እጥበት

ባህላችን ለዚህ ችግር የሚሆን ልማድ ከድሮም አለው። ከመንገድ የገባን ሰው፣ በተለይ ወላጅንና እንግዳን፣ ማታ እግር ማጠብ። በብዙ ቤት ልጆች ምርቃት የሚቀበሉት ዝቅ ብለው እግር ሲያጥቡ ነበር። ዛሬ የቧንቧ ውኃና ሻወር ሲመጣ ልማዱ ቀርቷል። ስኳር ያለበት ቤት ግን ቢመልሰው ይጠቅመዋል።

አንዱ ጥቅሙ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። አረጋውያን ቁስላቸውን ይደብቃሉ። «ልጆቼን አላስቸግርም»፣ «የማይረባ ጭረት ነው»፣ «ሆስፒታል ከሄድኩ ይቆርጡኛል» ብለው ካልሲ ይደርቡበታል። ልጅም «አባዬ፣ እግርህን አሳየኝ» ማለት ድፍረት ይመስለዋል። እግር ማጠብ ሲሆን ግን ማንም አያፍርም። አባት ይመርቃሉ፤ ልጅ ያያል።

አስተጣጠቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን የሚለካው የሚያጥበው ሰው በክርኑ እንጂ ባለ ስኳሩ በእግሩ አይደለም። ስሜት የሌለው እግር የፈላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። ለረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ቆዳን ስለሚያላላ አይመከርም። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ፎጣ፣ በተለይ በጣቶች መሐል፣ በደንብ ይደርቅ። ተረከዝ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት ጥሩ ነው፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም፤ እርጥበት ይዞ ፈንገስ ያመጣልና።

እያጠቡ ምን ይታያል? ውስጥ እግሩ፣ ተረከዙ፣ የጣቶቹ መሐልና የጥፍሮቹ ዙሪያ። ውኃ የቋጠረ፣ የቀላ፣ የጠቆረ፣ የተሰነጠቀ፣ የደነደነ ቆዳ አለ ወይ? አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ይሞቃል ወይም ያብጣል ወይ? ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ቀልቶ ቢያብጥና ቢሞቅም ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል፤ ስሜት በሌለው እግር ላይ አጥንትና መገጣጠሚያ ሊጎዳ ይችላልና።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። ጫማ ከማድረግ በፊት እጅን አስገብቶ ውስጡን መዳሰስ። ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር አለመሄድ። ጫማ በሚወለቅበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ማድረግና ሲመለሱ እግርን ማየት። ለበዓል የተገዛን አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ቀኑን ሙሉ አድርጎ አለመዋል፤ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል እያደረጉ ማለማመድ። ክረምት ነው ብሎ እግርን ከሰል ምድጃ አጠገብ አለማሞቅ። ጥፍርን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፤ የደነደነ ቆዳን በምላጭ አለመላጥ። «እሾህን በእሾህ» የሚለው ተረት ለባለ ስኳር እግር አይሠራም፤ የገባውን እሾህ በወስፌና በመርፌ ከመጎርጎር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል።

ቁስል ከታየ

በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ «ትንሽ ቁስል» የሚባል ነገር የለም። ሕመሙ ስለሌለ የቁስሉ ትንሽነት አያጽናና። በንጹሕ ውኃና ሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ጎዝ ተሸፍኖ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። እስከዚያው በእግሩ መርገጥ ይቀነስ።

ቡና መነስነስ፣ ቅጠል መለጠፍ፣ ጨው ባለው ሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ የአንቲባዮቲክ እንክብል ፈትቶ ዱቄቱን መበተን ይቅር። ይህ ሁሉ ቁስሉን ይሸፍነዋል፤ ቆዳውን ያስቆጣል፤ ከሁሉም በላይ ቀን ይበላል። ጸበል የሚጠመቁም ቢሆኑ ኢንሱሊናቸውንና እንክብላቸውን አያቋርጡ፤ እግራቸውንም በባዶው ድንጋይ አያስረግጡት።

ቀይነቱ ወደ ላይ ከሄደ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ካለ ወይም የስኳሩ መጠን ያለምክንያት ከወጣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ቤተሰብን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋና በዳሩ የደነደነውን ቆዳ ቆርጦ ያነሳል። «ቁስሉን አሰፉበት» የሚል ቅሬታ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ከላይ ያየነውን ብናስታውስ ግን ምክንያቱ ይገባናል። ማክሮፋጆቹ ሊበሉት ያቃታቸውን ቆሻሻ ሐኪሙ በምላጩ እያነሳላቸው ነው። ቦታው ሲጸዳ ጦሩ ወደ ግንባታው የመዞር ዕድል ያገኛል። ሐኪሙ በተጨማሪ የደም ዝውውሩን በእግር ትርታ ይፈትሻል፣ ኢንፌክሽን ካለ መድኃኒት ያዛል፣ ቁስሉ እንዳይረገጥ በጀሶ ወይም በልዩ ጫማ ያሳርፋል፣ ስኳሩን ያስተካክላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ብቻቸውን አይበቁም። በተለይ «አትርገጥ» የሚለው ትእዛዝ ሕመም በማይሰማው ሰው ዘንድ ቶሎ ይረሳል፤ ወደ ሱቅ የሚላክ፣ ውኃ የሚያቀብል ሰው በማዘጋጀት ትእዛዙን ማስከበር የቤተሰቡ ሥራ ነው።

ስኳሩን ዛሬ መያዝ

እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞችን ተከታትሎ የተጠናቀቀ ታዋቂ ጥናት አለ። ስኳራቸውን በጥብቅ በተቆጣጠሩት ላይ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በሽታው ገና ሲጀምር ስኳርን መያዝ ማለት ነገ ጠጠሩ እንዲሰማ፣ ጦሩም ትእዛዝ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ለአረጋውያን ስኳሩ ከመጠን በላይ እንዳይወርድም መጠንቀቅ ስለሚገባ፣ የሚፈለገውን መጠን ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር መወሰን ያስፈልጋል። የጠዋቱ ልኬት ብቻ አይበቃም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ በቀጠሮ ማሠራት ይገባል።

ዛሬ ማታ ይህን ጋዜጣ ያነበበ ሰው ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ያቅርብ። ስድስቱን ጣቶች በጣቱ ይንካ። ያየውንና ያልተሰማውን ነገር በወረቀት ጽፎ ለቀጣዩ የሐኪም ቀጠሮ ያስቀምጥ፤ ቁስል ካየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ነገ ጠዋት ይውሰዳቸው። አባትና እናት «አልታመምኩም እኮ» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ አልተሰማቸውም። ስለዚህ ነው ሌላ ሰው ማየት ያለበት።